በድምጽ ሞገድ ያለ ንክኪ የመዳሰስ ስሜት መፍጠር ተችሏል

በባዶ አየር ላይ የተዘረጋ መዳፍ ምንም ሳይነካው የመነካት ስሜት እንዲያድርበት የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለገበያ ከቀረበ ዓመታት ተቆጥረዋል። መሠረቱም የሰው ጆሮ የማይሰማው የድምጽ ሞገድ፣ አልትራሳውንድ ነው። በሆስፒታል ጽንስ ለማየት የሚያገለግለው ሞገድም ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ የእርሱ ንዝረት ግን በሰከንድ በሚሊዮን ይቆጠራል።

የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምጽ መስማት ሲችል፣ ለዚህ ቴክኖሎጂ በአብዛኛው የሚውለው 40 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበው ነው። በአንድ ገበታ ላይ የተደረደሩ በርካታ ጥቃቅን ድምጽ አመንጪዎች ሞገዳቸውን የሚለቁበትን ቅጽበት ኮምፒዩተር እያሰላ፣ ሞገዶቹ በአየር ላይ በተመረጠች አንዲት ነጥብ ተደራርበው እንዲበረቱ ያደርጋል። በዚያች ነጥብ ላይ የዋለ ቆዳ መጠነኛ ግፊት ያርፍበታል።

ይሁን እንጂ ግፊቱ ብቻውን በቂ አይደለም። ቆዳ ይህን ያህል ፈጣን ንዝረት ለይቶ አያውቅም፤ በመዳፍ ውስጥ የሚገኙት ንዝረት ተቀባዮች ይበልጥ የሚነቁት በሰከንድ 200 ገደማ ለሆነ ንዝረት ነው። በመሆኑም ሞገዱ በዚሁ መጠን እየበረታና እየደከመ እንዲመላለስ ይደረጋል። የሥራው ዋና ብልሃትም ይኸው ነው።

የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሣሪያውን እ.አ.አ በ2008 ለዕይታ ያበቁ ሲሆን፣ የእንግሊዙ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ደግሞ በ2013 በአንድ ጊዜ በበርካታ ነጥቦች ላይ ስሜት መፍጠር መቻላቸውን አሳይተዋል። ከዚሁ ምርምር የተወለደው አልትራሃፕቲክስ የተሰኘው ኩባንያ በ2019 የእጅ እንቅስቃሴ መከታተያ አምራቹን ሊፕ ሞሽንን ገዝቶ አልትራሊፕ የሚል ስያሜ ይዟል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲስፋፋ፣ ብዙ ሰው የሚነካካቸውን የአገልግሎት መስጫ ማሽኖች ያለ ንክኪ የማሠራት ፍላጎት ጨምሯል። ሆኖም ቴክኖሎጂው የሚፈጥረው ግፊት እጅግ አነስተኛ ነው። በጃፓን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች የተገኘው 2 ግራም ከሚመዝን ዕቃ ጫና እንኳ አይደርስም። እጅ እንደ ጠረጴዛ ሊደገፍበት አይችልም፤ አልፎት ይሄዳል። ስሜቱ በመዳፍና በጣቶች ላይ ቢጎላም በክንድ ላይ ይደክማል፤ ጓንት ላጠለቀ ሠራተኛም አይደርስም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው ለዓይነ ስውራን ተገልጋዮች ነው። ለስላሳው የመስታወት ስክሪን ቁልፉ የት እንዳለ ለጣት አይነግርም። የአየር ላይ ስሜት ይህን ክፍተት ሊሞላ ቢችልም፣ ያችን ነጥብ በባዶ አየር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ራሱ አዳጋች ነው። በድምጽ የሚሰጥ መመሪያ አብሮ እስካልቀረበ ድረስ፣ ማሽን የሚመርጥ መሥሪያ ቤት በብሬል ምልክት የተደረገባቸውን ቁልፎች ከወዲሁ ማንሳቱ አያዋጣውም።