በጅራት የተያያዙ ጥንድ ትራንዚስተሮች

በትራንዚስተር የተሠራውን የልዩነት ማጉያ ምሥጢር መመርመር የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ ሁለቱን ገቢ ሲግናሎች በልዩነታቸውና በኅብረታቸው ለይቶ ማየት ይገባዋል። ኤሚተሮቻቸው ተጋጥመው፣ «ጅራት» በሚባል የ14.3 ኪሎኦም ሬዚስተር ከኔጌቲቭ 15 ቮልት ጋር የተያያዙ ሁለት አቻ ትራንዚስተሮችን እናስብ፤ ቤዞቹ በዜሮ ቮልት ሳሉ ኤሚተሮቹ 0.7 ቮልት ያህል ዝቅ ስለሚሉ፣ በሬዚስተሩ የሚያልፈው 1 ሚሊአምፔር ለሁለቱ እኩል ይከፈላል። የሙቀት ቮልቴጅ የሚባለውን 26 ሚሊቮልት ለዚህ ግማሽ ስናካፍል የእያንዳንዱ ኤሚተር ውስጣዊ ሬዚስታንስ 52 ኦም ይሆናል።

ልዩነት ሲገባ አንዱ የጨመረውን ያህል ሌላው ስለሚቀንስ፣ ኤሚተሮቹ የተጋጠሙበት ነጥብ ከቦታው አይናወጥም፤ ቀመር ብቻ የሸመደደ ተማሪ የሚስተው ይህንን ነው፣ የሐተታው ሁሉ ራስ ግን እርሱ ነው። ስለዚህም 10 ኪሎኦም ከተሸከመው ከአንዱ ኮሌክተር 96 እጥፍ ያህል ጎልቶ ይወጣል። በኅብረት የገባው ግን የጅራቱን ሬዚስተር እጥፍ አድርጎ ስለሚጋፈጥ፣ ወደ 0.35 ይወርዳል። የሁለቱ ማጉላቶች ጥምርታ 275 ያህል ነው።

ይህ መጠን፣ ረቂቁን የልብ ሲግናል ከአካባቢው የመብራት ኃይል ጩኸት ለይቶ ለሚያነብ መሣሪያ ፈጽሞ አይበቃም። እንዲህ ላለው ሥራ በጅራቱ ሬዚስተር ፈንታ ቋሚ ኮረንት የሚሰጥ ሦስተኛ ትራንዚስተር አኑሩ።