የንግድ እንግዳ አንድ ቀን ቢጨምር

ለንግድ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ከተማዪቱን የሚያውቃት ከሆቴሉ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ባለው መንገድ ብቻ ነው። ሰኞ ጧት ይደርሳል፤ ናሙና ያያል፤ ውል ይነጋገራል፤ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ጉዳዩን ይፈጽማል። ወደ አውሮፓ የሚበርረው አውሮፕላን በአብዛኛው ሌሊት ስለሚነሣ የቀረውን ሰዓት ሻንጣውን አጠገቡ አድርጎ በሆቴሉ አዳራሽ ተቀምጦ ያሳልፈዋል። የመምጫውና የመመለሻው ቲኬት አስቀድሞ ተከፍሏል። እንግዲህ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢጨምር የሚያወጣው ለመኝታ፥ ለምግብ፥ ለመኪናና ለገበያ ነው፤ ይህም ገንዘብ ከነጋዴው ወገን እጅ ይገባል።

እንግዳው የማይቈየው አገሩን ስላልወደደ ሳይሆን ቈይ የሚለው ሰው ስላጣ ነው። ጥፋቱም በአብዛኛው የጋባዡ ነው። የጥሪው ደብዳቤ የስብሰባውን ሰዓትና የሆቴሉን ስም ይዘረዝራል እንጂ፥ እሑድንም በአገራችን ቢውሉ ደስ ይለናል የሚል አንድ መሥመር አይገኝበትም። ቲኬት ከተቈረጠ በኋላ የሚቀርብ ግብዣ ደግሞ ከይሉኝታ አያልፍም።

አገር ማየት ሲባል ብዙ ሰው ላሊበላንና አክሱምን ብቻ ያስባል። ለእነዚያ አንድ ቀን አይበቃም፤ ወደ ሩቅ ስፍራ ለሚሄድ እንግዳም የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ ማጣራት የጋባዡ ግዴታ ነው። አንድ እሑድ ብቻ ላለው ግን የቡታጅራ መንገድ ይበቃዋል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል፤ በዚያም የጥንት ሰዎች ከድንጋይ የሠሯቸው መሣሪያዎች ተቈፍረው ወጥተዋል። ስፍራው ከባልጪት ጋራ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያው አቅራቢያ ከአለት የተፈለፈለው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ጢያ ይደረሳል። በ1972 ዓ.ም. የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩት፥ በ32ቱ ላይ ምልክቶች ተቀርጸዋል፤ ሰይፉ በግልጽ ይታያል፥ የብዙዎቹ ፍች ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጧት የወጣ ሰው ራቱን አዲስ አበባ ይበላል።

ከሁሉ ይልቅ ጥቅሙ ጐልቶ የሚታየው ለቡና ላኪ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ምድር ይርጋ ጨፌ ያለበት ነው። እስከ ሀዋሳ በአውሮፕላን፥ ከዚያ በዲላ በኩል በመኪና ይኬዳል፤ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል የሄደ ገዢ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከእንሰት ጋራ እንዴት እንደሚበቅል፥ ቀይ ፍሬው ብቻ እየተመረጠ በእጅ እንዴት እንደሚለቀም፥ በማድረቂያው አልጋ ላይም እየተገላበጠ እንዴት እንደሚለይ በዓይኑ ያያል። ይህ ጕብኝት ከውሉ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ዋጋውን የሚነጋገርበትን ዕቃ በሥፍራው ያየ ሰው ድካሙን ጨምሮ ይመዝናልና። መኪናና ልዩ ልዩ ዕቃ ሊሸጥ የመጣው እንግዳ ግን ጉዳዩን ጨርሶ፥ ልቡ ዐርፎ ቢሄድ ይሻላል።

የወጪው ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ብዙ የውጭ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው ከደንበኛ ስጦታ እንዳይቀበሉ በጥብቅ ስለሚከለክሉ፥ ሁሉን ልክፈል የሚል ጋባዥ በቸርነቱ እንግዳውን ችግር ላይ ሊጥለው ይችላል። እንግዳው የሆቴሉን በራሱ ይክፈል፤ ጋባዡ አብሮ ይሂድ፥ ምሳ ይጋብዝ። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር በአውሮፕላን የሚጓዝ ከሆነም ከውጭ በመጣበት ቲኬት ምክንያት ቅናሽ ይገኝ እንደ ሆነ አየር መንገዱን መጠየቅ አይከፋም።

ባለሱቆችም ድርሻ አላቸው። እንግዳው ነፃ በሚሆንበት በእሑድ ቀን ብዙው ሱቅ ዝግ ነው፤ የአንድ ሰፈር ሻጮች ተስማምተው በየተራ ቢከፍቱ የሚቀርባቸው ነገር የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ጥንታዊ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፥ አዲስ መስቀል ወይም አዲስ የብራና ሥዕል የሚሸጥ ሰው ዕቃው የዛሬ የእጅ ሥራ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ገዢው በቦሌ ፍተሻ እንዳይጉላላ ይረዳዋል። የሚያጠራጥር ዕቃ ሲሆን ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳየት ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ እሑድ ስለማይከፈት ይህን ለእንግዳው ዓርብ ሳያልፍ መንገር ይገባል።