ስለ ሐኪም ረጅም መንገድና ስለ ወላጅ ኩራት

በአዲስ አበባ፥ አዲስ ከተማ በተባለው ክፍል መርካቶ የሚባል ታላቅ ገበያ አለ። ቀድሞ የከተማው ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ፤ ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ወደዚህ ስፍራ ተዛወረ። ዛሬ በዚያ እህልና በርበሬ፥ ሸማና ብረታ ብረት በየተራው ይሸጣል። ከሚሸጡትና ከሚሸከሙት መካከል፥ «ልጄ ሐኪም ይሆንልኛል» እያሉ ጥቂት በጥቂት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ አባቶችና እናቶች አሉ።

ልጆች ሆይ፥ የሐኪም መንገድ እንዴት እንደሚረዝም ስሙ። ተማሪው አስቀድሞ 12 ዓመት በትምህርት ቤት ይማራል። ፈተናውን ካለፈ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 6 ወይም 7 ዓመት ይቀመጣል። ከመርካቶ ሩቅ ያልሆነው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች ከሚማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የሰውን አጥንትና የደም ሥር፥ ልብና ሳንባ ያጠናል። ቀጥሎ ከመምህሩ ጋር በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ መመርመርን ይለምዳል። በመጨረሻው ዓመት ተረኛ ሆኖ ሌሊት ሳይተኛ ያድራል። የቀዶ ጥገና ወይም የዓይን ሐኪም ለመሆን የሚወድ ደግሞ ሌላ 3 ዓመት ወይም ከዚያ የበለጠ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ሲደመር ከ20 ዓመት ያልፋል።

ስለ ምን እንዲህ ረዘመ ብትሉ፥ ሸማኔ ቢሳሳት ክሩን ፈትቶ እንደ ገና ይሠራል፤ ሐኪም ቢሳሳት ግን የሰው ነፍስ ትጠፋለች።

በዚህ መንገድ ልጁ ብቻውን አይሄድም። እናቱ በርበሬ ሸጣ ደብተሩን ትገዛለች፤ አባቱ አሮጌ ልብሱን ሳይለውጥ ይከርማል፤ ታናናሾቹም በጥናቱ ሰዓት ዝም ይላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ ነው። እንግዲህ ልጁ በተመረቀ ቀን እናቱ እልል ብትል የሚነቅፋት የለም፤ የደከመችበትን ፍሬ አይታለችና።

ነገር ግን ኩራት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትዕቢት ነው፤ እርሱም በልጅ ማዕረግ ተመክቶ ጎረቤትን መናቅ ነው። ሁለተኛው ልጅን ከመውደድ የሚመጣ ደስታ ነው፤ እርሱም ልጅ ማዕረግ ባይኖረውም አይጠፋም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ አለ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት በጎንደር ነው፤ አባታቸው ነጋድራስ፥ የነጋዴዎች አለቃ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለዩ፤ አንድ የእንግሊዝ መኮንንም ወደ ህንድ አገር ወሰዳቸው። በዚያ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደጉ፤ በላሆር ከተማ ሕክምናን ተማሩ፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በ1892 ዓ.ም. ሐኪም ሆነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። አያታቸውም ይህን ሰምተው መጡ፤ በሰውነታቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አይተው፥ «የእኔ ልጅ ነው» ሲሉ ለዩአቸው። አያቲቱ የፈለጉት የሐኪምን ማዕረግ አልነበረም፤ 32 ዓመት የጠፋባቸውን ልጅ ነው። ሐኪም ወርቅነህም በእውቀታቸው አገራቸውን አገለገሉ።

እናንተም፥ ልጆች፥ ዛሬ የምትቈጥሩት ፊደል የዚያ ረጅም መንገድ መጀመሪያ ነው። ሐኪም ብትሆኑ በርበሬ ሻጭዋን እናታችሁን በሰው ፊት አትፈሩባት። ያች እናት ያሳደገቻችሁን ያህል፥ እንደ እርስዋ ደክማ ወደ እናንተ የምትመጣውን ድኻ በሽተኛ አክብራችሁ አክሙ። የወላጅ ኩራት የሚጸናው በዚህ ነው።