በሐራጅ ቤት መግዛት፦ ገዥው የሚገዛው ምንድን ነው?

(ከሕዝብ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



ተወልጄ ያደግሁት በአርሲ፣ በሲሬ ከተማ ነው። በእኛ አካባቢ ስንዴው ተሸጦ ጥቂት ገንዘብ የተረፈው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ቤት መግዛትን ነው። አንድ የቤተሰባችን ወዳጅ የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን ይዘው፣ አንድ ባንክ በሐራጅ ያወጣውን ቤት አከራይተው ሊጦሩበት ገዙ። ዋጋው ከገበያው ያነሰ ስለነበር ሁሉም «ቀናቸው» አለ። ገንዘቡን በቀኑ ከፈሉ፤ ቤቱን የተረከቡት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባገኙኝ ቁጥር «ለመሆኑ እኔ የገዛሁት ምንድን ነው?» ይሉኝ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ብድሩ በጊዜው ያልተከፈለው ባንክ፣ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። በተለመደው አሠራር ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል፤ ያሸነፈው ቀሪውን በአጭር ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀናት ውስጥ፣ ካላጠናቀቀ ያስያዘውን ያጣል። የገዥው ግዴታ በቀናት ይቆጠራል፤ ስሙ የሚዛወርበትና ቤቱን የሚረከብበት ቀን ግን እንዲህ አልተቆረጠም። የሐራጅ ግዥ ዋና አደጋ ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው አደጋ መሬቱን ይመለከታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ገዥው የሚያገኘው ቤቱንና የመሬቱን የመጠቀም መብት ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥሪት እንደሚይዘው ደንግጓል። ተበዳሪው ያልነበረበት የሊዝ ግዴታ በገዥው ላይ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ይህንን ሳያሰላ የተጫረተ ሰው የቤቱን ሙሉ ዋጋ አላወቀም።

ሁለተኛው አደጋ ትዳርን ይመለከታል። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ለሲሬ ወይም ለአሰላ ቤት መመርመር ያለበት እርሱ ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ ሲሆን፣ ሚስት «አልፈረምኩም» ብላ ክስ ብታቀርብ በክርክሩ መካከል የሚቆመው ገዥው ነው። ድርሻ የሚጠይቁ ወራሾችም እንዲሁ ሊመጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው አደጋ በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። የጋዜጣው ማስታወቂያ የተበዳሪውን ስም፣ የቦታውን ስፋትና የመነሻ ዋጋውን ይነግረናል፤ በሩን ማን እንደሚከፍትልን ግን አይነግረንም። ቤቱን ያጣ ቤተሰብ በፈቃዱ ካልለቀቀ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ወዳጃችንን ሁለት ዓመት ያቆያቸው ይኸው ነበር።

እስቲ በምሳሌ እናስላው። በገበያ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በሐራጅ በ3.2 ሚሊዮን ተገዛ እንበል። ትርፉ 800,000 ብር ይመስላል። ገዥው ግማሹን ዋጋ በ15 በመቶ ወለድ ተበድሮ ቤቱን ለሁለት ዓመት ባይረከብ፣ ወለዱ ብቻ 480,000 ብር ይሆናል። የጠበቃ፣ የስም ማዛወሪያና የእድሳት ወጪ ሲጨመርበት ከትርፉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የቀነሰው ዋጋ ገዥው ለሚሸከመው አደጋ የተከፈለው ካሣ እንጂ ስጦታ አይደለም።

ስለዚህ ከመጫረታችሁ በፊት ወደ ከተማው መሬት አስተዳደር ሂዱ፤ ካርታውን፣ ዕዳና እግዱን፣ የሊዝና የግብር ውዝፉን አጣሩ። በመያዣ ውሉ ላይ ሁለቱም ተጋቢዎች መፈረማቸውን ጠይቁ። ቤቱን በአካል እዩ፤ ጎረቤትንም አነጋግሩ።

ወዳጃችን ዛሬ ቤቱን አከራይተዋል። ይሁን እንጂ ያን ማስታወቂያ ሲያነቡ ያላዩትን አሁን ያውቁታል፤ በሐራጅ የገዙት ቤት ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ያላለቀ ጉዳይም ነበር።