ፓርቲ ያልነበረው ክርክር፦ የባርነት ጉዳይ በአራዳ ዘመን

አዲስ አበባ ውስጥ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ሲሉ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይገኛል። ስሙ የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ የአባ መላ፣ መታሰቢያ ነው። አባ መላ በልጅነታቸው ጦር ሜዳ ላይ ተማርከው ምኒልክ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶም እንዲሁ። ይህ ዕድል ያልገጠማቸው ምርኮኞች ግን በየመኳንንቱ ግቢ ባሪያ ሆነው ውሃ ሲቀዱ፣ እህል ሲፈጩ ኖረው ስማቸው ሳይጻፍ አልፈዋል።

ባርነት በሌላ አገር የፓርቲዎች ክርክር ሆኖ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ክርክሩ ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች ይስፋፋ ወይስ አይስፋፋ የሚል ነበር። የዊግ ፓርቲን አፈረሰ፤ በ1854 እ.ኤ.አ. የሪፐብሊካን ፓርቲን ወለደ፤ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶም አገሪቱን ለእርስ በርስ ጦርነት ዳረገ። እኛም ዘንድ ባርነት ከግዛት ጋር አብሮ ሰፍቷል። ቴዎድሮስም ምኒልክም የባሪያ ንግድን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ የምኒልክ የደቡብ ዘመቻ ብዙ ሺህ ምርኮኛ አመጣ፤ በኋላም ከፋ፣ ጊሚራና ማጂ በባሪያ ፈንጋዮች ተራቆቱ። እኛ ዘንድ ግን ፓርቲም፣ የተመረጠ ምክር ቤትም አልነበረም። ሙግቱ የቤተ መንግሥት ወገኖች ሙግት ሆነ፦ በአንድ በኩል አባ መላና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ዋና ምሰሶ የሆኑለት ወግ አጥባቂው ወገን፣ በሌላ በኩል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪና በዙሪያቸው የተሰበሰቡት የተማሩ ወጣቶች። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ለወጣቶቹ መጻፊያ ሆናቸው፤ በባርነት ጉዳይም በአደባባይ ተከራከሩበት።

ራስ ተፈሪን የገፋፋቸው በእኔ እምነት ከባሪያው እንባ ይልቅ የአገር ነፃነት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን የወጣው ሕግ ነፃ መውጣትን ከጌታው ሞት ጋር አያያዘው፤ ባሪያው ጌታው ከሞተ በኋላም ሰባት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በ1923 ዓ.ም. ሰባቱ ዓመት ወደ አንድ ዓመት ዝቅ አለ። መኳንንቱ ቤታቸውም ማሳቸውም በባሪያ ጉልበት ስለሚተዳደር ከዚህ የፈጠነ ለውጥ አልፈለጉም። የመዘግየቱ ዋጋ ከባድ ነበር፦ የኢጣሊያው ሞሶሊኒ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ጄኔቫ ላለው ለዚሁ ማኅበር ባቀረበው ክስ ባርነትን ለወረራው ሰበብ አደረገው።

ባርነት በሕግ የተሻረው በኢጣሊያ ላይ ከተገኘው ድል በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ሁሉ ክርክር መኳንንቱ፣ ጳጳሱ፣ ጋዜጠኛውና ዲፕሎማቱ ተናግረዋል፤ ባሪያ የነበረው ሰው ግን አልተጠየቀም። የነፃ ወጪዎች የልጅ ልጆች ዛሬም ከመካከላችን አሉ። ፈቃደኛ ሆነው ሲያወጉ የሰማችሁ፣ ቃላቸውን ሳይጠፋ ጻፉልን።