የምሽቱ መረበሽ፣ ካናቢስና ፓራሲታሞል

በየጁቤ፣ በብቸና ወይም በሞጣ የመርሳት በሽታ የገባበት ቤት አብዝቶ የሚፈራው ምሽትን ነው። ቀን ደህና የዋሉ አባት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ፤ የወለዷትን ልጅ «አንቺ ማነሽ?» ብለው ይገፈትራሉ፤ ሌሊቱን በር በሩን ይላሉ። የንስሐ አባት ጠበል ይረጫሉ፣ ጎረቤት «ጃጅተው ነው» ብሎ ያጽናናል፣ ልጅ ግን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ታነጋለች። ስም መርሳቱን ቤተሰብ ውሎ አድሮ ይለምደዋል። ጉልበት የሚጨርሰው ይህ መረበሽ ነው። ተመራማሪዎች ካናቢስ የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ የሞከሩትም ለመረበሹ እንጂ የጠፋ ትዝታ ይመልሳል ብለው አይደለም።

ሌላ መፍትሔ የተፈለገበት ምክንያት አለ። ለአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ማረጋጊያዎች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ከፍ እንደሚያደርጉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2005 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ካናቢስ ውስጥ ደግሞ አእምሮን የሚለውጠው ቲኤችሲ የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ራፋኤል መሹላምና የሂኤል ጋኦኒ የተባሉ የእስራኤል ኬሚስቶች በ1964 ለይተው ያወጡት ነው። አንጎላችን ለዚህ ንጥረ ነገር ተቀባዮች አሉት። ተቀባዮቹ ትዝታ በሚቀረጽበትና ስሜት በሚመራበት ክፍል የበዙ ሲሆን፣ ነርቭ ለነርቭ የሚልከው መልእክት ሲበረታ ያለዝቡታል። ቲኤችሲ የሚያረጋጋውም፣ የሚያፈዝዘውም በዚሁ መንገድ ነው።

ውጤቱስ? በ2015 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 50 ሕሙማንን ይዞ ለሦስት ሳምንት፣ በቀን ሦስት ጊዜ 1.5 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ሰጠ፤ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት አልተሻሉም። በ2019 የቶሮንቶ ሐኪሞች ናቢሎን የተባለውን የቲኤችሲ አምሳያ በ38 አረጋውያን ላይ ሞከሩ፤ መረበሹ በግልጽ ቀነሰ። ግን ናቢሎን ሲወስዱ ከመቶው 45ቱን ድብታ ያዛቸው፣ በባዶው ክኒን ጊዜ 16ቱን ብቻ። ድብታን ቀላል ነገር አድርጎ ማየት አይገባም፤ ደብቷቸው ደጃፍ ላይ የወደቁ እናት ዳሌያቸው ቢሰበር ላይነሱ ይችላሉ። በቅርቡም በአሜሪካ ድሮናቢኖል የተባለው የቲኤችሲ ክኒን አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ባለባቸው 75 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ መረበሹን ቀንሷል። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ የቆመው ግን በጥቂት ሰዎች ላይ ነው።

እነዚህ ሁሉ በሚሊ ግራም ተለክተው፣ በሐኪም ክትትል የተሰጡ ክኒኖች ናቸው። የሚጨስ ቅጠል መጠኑ አይታወቅም። ለአገራችን ተክሉ እንግዳ አይደለም፤ ከጣና በስተምሥራቅ፣ በቤጌምድር፣ ላሊበላ ከተባለ ዋሻ የተገኙ የ14ኛው መቶ ዘመን ገደማ ጋያዎች ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ታይቶባቸዋል። ዛሬ ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማምረቱም፣ መሸጡም፣ መጠቀሙም ያስቀጣል።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ የስም መምታታት ነው። ካናቢስን «ዕፀ ፋርስ» የሚሉ አሉ፤ በገጠር ግን በዚሁ ስም የሚጠራው ብዙ ጊዜ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር ነው። አስተናግር መርዝ ነው። ለትዝታ የሚያስፈልገውን አሴቲልኮሊን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ሥራ ያግዳል። ለመርሳት በሽታ የሚታዘዘው ዶኔፔዚል የሚሠራው በተቃራኒው፣ ይህ ኬሚካል ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ነው። «ዕፀ ፋርስ ለመርሳት ይሆናል» የሚል ወሬ ሰምቶ አስተናግር ቀቅሎ ያጠጣ ልጅ አባቱን ጨርሶ ሊያስታቸው፣ ሊገድላቸውም ይችላል።

ለየጁቤ ቤት ከካናቢሱ ሁሉ የሚቀርበው ሌላ ጥናት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት የኖርዌይ ሐኪሞች በ18 የአረጋውያን መጦሪያዎች 352 የሚረበሹ የመርሳት ሕሙማንን መረጡ። ለግማሾቹ የተለመደው እንክብካቤ ቀጠለ፤ ለቀሩት ለስምንት ሳምንት ደረጃ በደረጃ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣቸው። አብዛኞቹ የወሰዱት ፓራሲታሞል ነበር። መረበሹ በአማካይ 17 በመቶ ቀነሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጉልበቱን ሪህ የሚቆረጥመው፣ ጥርሱ የበሰበሰ፣ ሽንቱ የሚያቃጥለው ሰው ቃል ሲጠፋበት «አመመኝ» ማለት አይችልም። ይጮኻል፣ ይገፈትራል፣ ይሄዳል።

እናም የተረበሹ አረጋዊን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ቤተሰብ ስለ መርሳቱ ብቻ ተናግሮ አይመለስ። ሲነሡ ፊታቸው ይቋጠር እንደሆነ፣ ሲነኩ የሚሸሹት አካል ካለ፣ ሆዳቸው ከደረቀ፣ ሽንታቸው ከተለወጠ ይንገር፤ የፓራሲታሞሉንም መጠን ሐኪም ይወስነው፣ ሲበዛ ጉበት ይጎዳልና። የኖርዌዩ ጥናት የተካሄደው በመጦሪያ ቤቶች ነው፤ የእኛ አረጋውያን ያሉት በልጆቻቸው ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የጁቤ ባለችበት በባሶ ሊበን ወረዳ ቀበሌዎች፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ቢሞክረው ውድ መድኃኒትም የሕግ ፈቃድ ክርክርም አያስፈልገውም።