የሣር ማጨጃ መኪና፥ የስለቱ ቤት አጠባበቅና የነጋዴው ኃላፊነት

ክረምት ሲገባ በሰበታ፥ በዓለም ገና፥ በቡራዩና በሱሉልታ ሣር የሚያድግበትን ፍጥነት የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ የፋብሪካው ግቢ፥ የሆቴሉ መናፈሻና የትምህርት ቤቱ ሜዳ በየጊዜው ካልታጨደ ዱር ይሆናል። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሥራ በብዙ ጎዳናዎች ዳር መስክ ተዘርግቷል። ስለዚህ የሞተር ሣር ማጨጃ መኪና ዛሬ በአስመጪዎቻችን መጋዘንና በሱቆቻችን ደጃፍ የሚገኝ ሸቀጥ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሸቀጥ እንደ ጨርቅና እንደ ሳሙና አይደለም። የሣር ማጨጃ የሸጠ ነጋዴ የሰውን እግርና እጅ ሊቆርጥ የሚችል ስለት ሸጧል። አደጋውን የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው ላይ የሚለጠፈው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ እጀታውን ይዞ የሚገፋው አትክልተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያን ቋንቋ አያነብም። ሻጩ ካልነገረው ማን ይነግረዋል? ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ ለደንበኛው ሊያስረዳ የሚገባውን ከዚህ በታች በአጭሩ እናቀርባለን።

ስለቱና ቤቱ

የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ መኪና እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ያስመዘገበው ኤድዊን በዲንግ የተባለ ሰው ነው። ሐሳቡንም ያገኘው በጨርቅ ፋብሪካ የሱፍ ጨርቅ ጭገር ከሚላጭበት መኪና ነበር። የዚያ ዘመን ስለት እንደ በርሜል እየተንከባለለ የሚቆርጥ ነበር። ዛሬ በአገራችን በብዛት የሚሸጠው ግን ከሞተሩ በታች አግድም ሆኖ እንደ ውልብልቢት የሚሽከረከር አንድ ረጅም ስለት ያለው ነው።

ይህን ስለት እንደተደፋ ገበቴ ሆኖ የሚሸፍነውን ብረት የስለት ቤት እንለዋለን። ቤቱ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፥ ስለቱ የሚያነሣውን ነፋስ አፍኖ ሣሩን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ሁለተኛ፥ የታጨደውን ሣር በጎን ወይም በኋላ በኩል ያስወጣል፤ ሦስተኛ፥ ጠጠርና ሽቦ ወደ ሰው እንዳይፈናጠር ይከላከላል። ወርዱ 53 ሳንቲሜትር የሆነ ስለት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር የጫፉ ፍጥነት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት የተመታ ጠጠር ዓይንን ለማጥፋት ይበቃል። የጎኑን መከለያ ወይም የኋላውን መጋረጃ «ሣር ያግዳል» ብሎ ፈትቶ የሚጥል ሰው ከቤቱ ላይ በሩን እንደነቀለ ይቈጠራል።

አጠባበቁ

በአካባቢያችን ጥቁር አፈር ብዙ ነው። በክረምት እርጥብ ሣርና ጭቃ ተደባልቆ በስለቱ ቤት ውስጥ ይጋገራል። ካልተፋቀ ነፋሱ ይታፈናል፤ ሣሩ ይነጫል እንጂ አይቈረጥም፤ ብረቱም ከሥር በዝገት ይበሳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ በየቀኑ በእንጨት መፋቂያ መጠረግ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ። ሞተሩ ይጥፋ፤ ይቀዝቅዝ፤ የካንዴላው ሽቦ ይነቀል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ስለቱን በእጅ ያዞረ ሰው ሞተሩን ሊያስነሣ ይችላልና። መኪናው ለጽዳት ሲጋደም የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይት ወደ ማጣሪያውና ወደ ካርቡራቶሩ ይገባል። እንደ ወንበር የሚቀመጡበት ትልቁ መኪና ከሆነም የቺንጋው መሰንጠቅና የኩሽኔታው ድምፅ ይመርመር፤ በኃይለኛ ውሃ ማጠብ ግን ኩሽኔታውን ያበላሻል።

ስለቱ ሲደንዝ በጓንት ተይዞ ይፈታና በሞረድ ይሳላል። ከተሳለ በኋላ የመሐል ቀዳዳው በግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር ይንጠልጠል፤ በአንድ ወገን ካዘነበለ የከበደው ወገን ጥቂት ይሞረድ። ሚዛኑን የሳተ ስለት መኪናውን ያንቀጠቅጣል፤ በመጨረሻም የሞተሩን ዘንግና ኩሽኔታ ይሰብራል። ሲገጠም የተቈለመመው ክንፉ ወደ ላይ፥ ወደ ቤቱ ይመልከት፤ ቡሎኑም በሚገባ ይጥበቅ። የተሰነጠቀ ወይም የጎበጠ ስለት በብየዳም ሆነ በመዶሻ አይታከምም፤ ይጣላል። ከአሮጌ ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ምትክ መግጠምም ገንዘብ ማትረፍ ሳይሆን አደጋ መጋበዝ ነው።

ከፍታችንም አይዘንጋ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት ያህል ያጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው አገራችን ይህ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። በደነዘ ስለት እርጥብ ሣር ሲታጨድ ሞተሩ ቢጠፋ ሊያስደንቅ አይገባም። አስመጪውም ሲያዝ ለስለቱ ወርድ ጉልበቱ ላቅ ያለ ሞተር ቢመርጥ ከብዙ አቤቱታ ይድናል።

በሥራ ላይ

ሠራተኛው ጠንካራ ጫማና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ። ከማጨዱ በፊት ድንጋይ፥ ሽቦና አጥንት ከሜዳው ይለቀም። ሕፃናት ይራቁ። በዳገት ላይ በእጅ የሚገፋው መኪና አግድም ይነዳ እንጂ ሽቅብና ቍልቍል አይሁን። ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ አይጨመር።

በአሜሪካ አገር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በእጅ የሚገፋው የሞተር ማጨጃ እጀታው በተለቀቀ በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ስለቱ እንዲቆም ደንብ ያስገድዳል። እጅ እንዳይደክም ብሎ ይህን መዘውር በሽቦ ጠፍሮ መሥራት ደንቡ የታሰበበትን ሕይወት እንደ ቀልድ መቍጠር ነው።

ይህ መኪና የመስክ መኪና እንጂ የድርቆሽ አለመሆኑም ለገዢው ይነገር። በሱሉልታ ሜዳ ከመስከረም በኋላ የሚታጨደው ረጅም ሣር ለስለቱ ቤት አይመጥንም፤ ያንቀዋል። ለድርቆሽ የሚፈልግ ደንበኛ ሌላ ዓይነት ማጨጃ ይጠቍሙት።

ስለ መለዋወጫ ትእዛዝ

ለባዕድ አገር ፋብሪካ የትእዛዝ ደብዳቤ የምንጽፍ ሰዎች የምናውቀው ነገር አለ። «የ21 ኢንች መኪና ስለት 50 ፍሬ» ተብሎ ቢጻፍ አይበቃም። ርዝመታቸው እኩል ሆኖ የመሐል ቀዳዳቸው አንዱ ክብ፥ አንዱ ኮከብ የሚመስል ስለቶች አሉና። በዚህ ምክንያት የማይገጥም ስለት በሣጥን ደርሶለት የደንበኞቹ መኪና ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ የከረመ ነጋዴ አይተናል። በመኪናው ላይ ባለው ሠሌዳ የተጻፈው የሞዴል ቍጥር፥ የመለዋወጫው ቍጥር፥ የስለቱ ርዝመትና የቀዳዳው ቅርጽ በትእዛዙ ላይ ይጠቀስ። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የስሕተት ትእዛዝ ኪሳራ ከቀድሞው ከብዷል።

የነጋዴው ድርሻ

ዓለም ገና የመንገድ ሥራ መኪና ነጂዎችና መካኒኮች ሲሠለጥኑባት የኖረች ከተማ ናት። ትልቁን መኪና ያለ ትምህርት ለሰው እንደማይሰጡ የምታውቅ አገር ትንሹንም እንዲሁ ልታደርግ ይገባል። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከላይ ያልነው በአንድ ገጽ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ከመኪናው ጋር ይሰጥ። አንድ መኪና ሲሸጥ ሁለት ትርፍ ስለት በመጋዘን ይቀመጥ። ርክክቡም ለግዢ ሹሙ ብቻ ሳይሆን፥ መኪናውን ለሚገፋው ሰው የካንዴላው ሽቦ እንዴት እንደሚነቀል በዓይኑ እያየ ይደረግ።

ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ጣቶቹ የተረፉለት ሠራተኛ አሠሪው ሌላ መኪና ሲፈልግ የትኛውን ሱቅ እንደሚጠቍም ለማንም ነጋዴ መንገር አያሻም።